ሽቦው ላይ የተገኘው ኮት

ስሜ ትሪና ነው።

መጀመሪያ ስሜን የነገርኳችሁ ለወግ አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱ ምክንያቱ ይገባችኋል። ለጊዜው ብቻ ያዙልኝ... ትሪና።

"ይሄ ፈጠራ ነው" የምትሉ ትኖራላችሁ፤ አልቀየማችሁም። ሌላ ሰው ቢያወራኝ እኔም እስቅ ነበር። ግን የሆነው ዘንድሮ በመጋቢት፣ ኔብራስካ ውስጥ፣ የአሸዋ ኮረብቶች መሃል ባለው የባለቤቴ ቤተሰቦች የከብት እርባታ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ጨለማ አልነበረም፣ እንቅልፍም አልተጫነኝም። እጄ ላይ ድንች ነበር፤ እየላጥኩ ነበር።

ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ እናት የለኝም። ሞታ አይደለም፤ ከመጀመሪያውም አልነበረችም። መንግሥት ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው እያዛወረኝ ሰባት ቤት አድጌያለሁ። ስለዚህ ግራንት ጉንጩ አብጦ፣ ኦማሃ ከተማ ወደምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ መጥቶ "ቶሎ በሉ፣ ከብት ጥዬ ስለመጣሁ እናቴ ትቆጣኛለች" ሲል፣ ከሱ በፊት የወደድኩት እናቱን ነው። እውነቴን ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት እናቱ የምትቆጣው ሰው!

በጥቅምት ተጋባን። በኅዳር ሻንጣዬንና ሰማያዊ ኮቴን ይዤ እርባታው ገባሁ።

እናቱ ቨርና አላየችኝም።

አልወደደችኝም ማለቴ አይደለም። አላየችኝም ነው የምላችሁ። "እንደምን አደሩ?" ስላት በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች። ገበታ ላይ ሦስት ሳህን ታስቀምጣለች፤ ለባሏ ለሎይድ፣ ለግራንትና ለራሷ። የኔን ሳህን እኔው ተነስቼ አመጣለሁ።

ጠረጴዛው ዙሪያ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። በመጀመሪያው ቀን ልቀመጥበት ስል ግራንት ክንዴን ያዘኝ።

"እሱን ተይው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለምን?"

"የሮንዳ ነው።"

ሮንዳ እህቱ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት፣ አንዲት ጊደር ልትወልድ ስትል ጠፋችና ሮንዳ ልትፈልጋት ወጣች። የበረዶ ውሽንፍር መጣ። ጊደሯ በማግስቱ ተመለሰች፤ ሮንዳ ግን አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን በግጦሹ ታችኛው በር አጠገብ፣ እሾሃማው ሽቦ ላይ የሥራ ኮቷ ተሰቅሎ ተገኘ። አዝራሮቹ በሙሉ እንደተቆለፉ።

ኮቱ ብቻ... ሌላ ምንም።

የበረዶውን ወራት ሙሉ እንደዚያ ሆኜ ከረምኩ። እኔ ሳህን አጥባለሁ፣ ቨርና ያጠብኩትን ሳህን መልሳ ታጥባለች። ማታ ግራንት ደረት ላይ ተለጥፌ አለቅሳለሁ፤ እሱ ጸጉሬን እየነካካ "ይለቃታል" ይለኛል። አልለቀቃትም።

ላሞቹ መውለድ ሲጀምሩ ሎይድ ሥራ ያስተምረኝ ጀመር። ዳሌው በፈረስ ተሰብሮ ያለ ወጉ የገጠመ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ ነው።

"የጥርስ ሐኪሟ!" ይለኛል። "ላም ከላይ የፊት ጥርስ እንደሌላት ታውቂያለሽ? እዚህ ሥራ የለሽም፤ ባልዲ ያዢ።"

"ሐኪም አይደለሁም፤ ስልክ ነበር የማነሳው።"

"ይባስ! የኔ ላሞች ስልክ አይደውሉም።"

ከሱ ብዙ ተማርኩ። ጥጃ እንገር ሳይጠጣ ብዙ ሰዓት ከቆየ እንደማይተርፍ፣ ምጥ የያዛት ላም ከመንጋው ተለይታ ጭራዋን ቀና እንደምታደርግ፣ የኋላ እግሩ ቀድሞ የመጣን ጥጃ እንዴት በሰንሰለት እንደሚስቡት...

አንድ ጠዋት በረቱ ውስጥ ሁለት ነገር አብሮ ሆነ። አንዷ ላም ጥጃዋ ሞቶ ተወለደ። ሌላዋ ላም ደግሞ ወልዳ ሞተች፤ ጥጃዋ በሕይወት ቀረ።

ሎይድ ቢላዋ አወጣ።

"ካስጠላሽ ዞር በይ።"

አልዞርኩም። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈፈው። ለእግር አራት ቀዳዳ አበጅቶ፣ እናቱ ለሞተችበት ጥጃ እንደ ሹራብ አለበሰውና ሆዱ ሥር በሲባጎ አሰረው። ከዚያ ልጇ ወደሞተባት ላም ገፋ አደረገው።

ላሚቱ ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። አሸተተችው። ወደ ኋላ አለች። ደግማ አሸተተችው... ጀርባውን፣ ጭራው ሥር፣ ረጅም ጊዜ።

ከዚያ ትልሰው ጀመር።

እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። ሎይድ አየኝና እንዳላየ ሆነ።

"ላም ልጇን በዓይኗ አታውቅም" አለኝ። "በአፍንጫዋ ነው።"

"እስከ መቼ ነው የሚለብሰው?"

"ሦስት ቀን፣ ቢበዛ አራት። ወተቷን እየጠጣ ሲሰነብት የራሱ ገላ የሷን ሽታ ያመጣል። ያኔ ሲባጎውን ቆርጠሽ ቆዳውን ትጥይዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ልጇ ነው፤ አበቃ።"

ቢላዋውን በጭድ ጠረገ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"አንድ ነገር ግን ያዢ። ሬሳውን በዓይንሽ ሳታዪ እንዳታለብሺ።"

"ለምን?"

"ልጅ ሆኜ ሠርቼዋለሁ። ጥጃው በውሽንፍር ጠፋ፤ ሞቷል ብዬ የተኛበትን ጆንያ አውጥቼ ሌላ ጥጃ ላይ አሰርኩ። እናቲቱ ተቀበለችው። በአምስተኛው ቀን የራሷ ጥጃ በእግሩ መጣ..."



"እና?"

"እናማ፣ አላወቀችውም። ሊጠባ ሲጠጋ በጭንቅላቷ ትገፋዋለች። ይነሳል፣ ይጠጋል፣ ትገፋዋለች። እስኪ... በቃ ተይው።"

ዞር ስል ግራንት በረቱ በር ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመኖ ጆንያ ይዞ መጣ። አፉ በሲባጎ ታስሯል። ፈትቶ ቡናማ የሥራ ኮት አወጣ።

የማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። አውቄዋለሁ።

"እናቴ እንድትወድሽ ትፈልጊ የለ?" አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። "አራት ቀን ብቻ። አታውልቂው። አትጠቢው።"

ልትታዘቡኝ ትችላላችሁ። ግን ሰባት ቤት አድጋችሁ፣ በስምንተኛው ደግሞ ሳህን የማይቀርብላችሁ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለበስኩት።

ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል፤ የእጅ ቅባት ነገር። ከሥሩ የከብት ሽታ፣ ከሱም ሥር የሰው ላብ። ኪሱ ውስጥ እጄን ስከት ጓንት አገኘሁ። አንድ ብቻ፣ የግራ እጅ።

እርጥብ ነበር።

ሁለት ዓመት ጆንያ ውስጥ የታሰረ ጓንት... በረዶ አሁን የቀለጠበት ይመስል እርጥብ ነበር።

ወጥ ቤት ስገባ ቨርና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላዋዋ ቆመ። አልዞረችም። አፍንጫዋን ብቻ ቀና አደረገች።

አንዴ... ደግሞ...

ከዚያ ዞረችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ።

"እጅሽን ታጥበሻል?" አለችኝ።

ያን ምሽት አራት ሳህን ቀረበ። ቺሊ የሚሉት የሥጋና የቦሎቄ ወጥ ከቀረፋ ዳቦ ጋር ነበር። ቨርና ባዶውን ወንበር ሳበችልኝ። እኔ ስቀመጥ ሎይድ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ ግራንት ጠጋ አለ።

"ሬሳዋን አይተሃል?" አለው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አባዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ሆነ።"

"አይተሃል ወይ ነው ያልኩህ።"

ግራንት ዳቦውን ቺሊው ውስጥ ነከረ። ሎይድ ምግቡን ሳይጨርስ ተነሳ።

በሁለተኛው ቀን "እርስዎ" ስላት ቨርና ሳቀች። "ምን እርስዎ እርስዎ ትይኛለሽ? እንግዳ ነሽ እንዴ?" አለችኝና ጸጉሬን ከፊቴ ላይ መለሰችልኝ። መዳፏ ሻካራ ነው፤ ሞቃት ነው። ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ፣ አፌን በፎጣ አፍኜ አለቀስኩ። ደስታ ነበር። እስከ ዛሬ የማፍርበት ደስታ።

በሦስተኛው ቀን ግን ትንንሽ ነገሮች መጡ።

ቨርና በእጇ ታጎርሰኝ ጀመር። "ብዪ፣ ብዪ፣ የኔን ምግብ ብዪ" እያለች፣ ሳህኑ ሳያልቅ አታስነሳኝም።

የጋብቻ ቀለበቴን ሳህን ሳጥብ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ስመለስ አልነበረም።

ግራንት ደግሞ ትራስና ብርድ ልብስ ይዞ ወደ ሳሎን ወረደ።

"ሶፋው ላይ ልተኛ" አለኝ። "ላሞቹን ለማየት ስነሳ ስቀመጥ እንዳልረብሽሽ።"

ነገሩ ደንብ ነው፤ የወሊድ ሰሞን ሁሉም ባል እንደዚያ ያደርጋል። ግን ሲወጣ አናቴን በጣቱ ኮርኮም አደረገኝ።

"ደህና እደሪ፣ ሮንዲ።"

በእህቱ ስም እንደጠራኝ አላስተዋለም። እየሄደ ነበር የተናገረው። ስጠብቅ ቆየሁ፣ ይመለስና "ይቅርታ፣ አፌ ነው" ይለኛል ብዬ።

አልተመለሰም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሎይድ ራሱ ኮቱን ከላዬ ላይ ገፈፈኝ። ከበረቱ ጀርባ ወስዶ አቃጠለው፤ ጓንቱን ከኪሱ ሳያወጣ። ጢሱ ሲነሳ በመስኮት አየሁ። አሁን ቨርና ትዞራለች... በትከሻዬ ላይ አሻግራ በሩን ታያለች...

ቨርና ወጥ ቤት ገባች። አጠገቤ ቆመች። አንገቴ ሥር አሸተተችኝ።

"የኔ ልጅ" አለችኝ። "ድንች ላጪልኝ።"

ይዟል። ልክ እንደ ጥጃው፣ ይዟል።

እናንተዬ፣ ያን ሰዓት ስሜ ማን ይባል ግድ አልነበረኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ድንች ስልጥ፣ ላሞቹ ዝም አሉ።

የወሊድ ሰሞን ላም ዝም አትልም። ቀና ስል ሁሉም፣ ከመቶ በላይ ጭንቅላት፣ ወደ ታችኛው በር ዞሯል።

በሩ ጋ ሴት ቆማለች።

በረዶው ውስጥ፣ ኮት የላትም። ሸሚዝ ብቻ። በሩ አልተቆለፈም፤ መግፋት ነበር የሚበቃት። ግን አልገፋችውም። ሰው እስኪከፍትላት የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ቀኝ እጇ ላይ ጓንት አለ።

ግራ እጇ ባዶ ነው።

ፊቷን አውቀዋለሁ። ደረጃው ላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ አልፈው ነበር።

ቨርና ከኋላዬ መጥታ በመስኮቱ አየች። ቆይታ አየች።

"ማናት?" አለች።



"የማን ሰው ናት? ታውቂያታለሽ?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። "ልጅሽ ናት" ብል... ምናልባት። እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ግን የቨርና እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ሞቃት።

"አላውቃትም፣ እማዬ" አልኩ።

ቨርና ከበሩ ሥር የከብት መንጃውን ዱላ አንስታ ወጣች።

ያየሁትን እነግራችኋለሁ። ሴትዮዋ ቨርናን ስታይ ሁለት እጇን ዘርግታ ተጠጋች። ቨርና በደረቷ ገፋቻት። ወደቀች። ተነሳች፣ ተጠጋች። አሁንም ገፋቻት። ሴትዮዋ አትጮህም፣ አታለቅስም፤ አንገቷን አስግጋ የቨርናን ጉያ ብቻ ትፈልጋለች። በሦስተኛው ዱላው ተነሳ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ በሩ ጋ ማንም የለም። ቨርና ጫማዋን እያራገፈች ገባች፤ እጇን ታጠበች።

"ቀጭን አድርገሽ ላጪው" አለችኝ። "ግማሹን ከልጣጩ ጋር ጣልሽው እኮ።"

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አትጠይቁኝ። ሲነጋ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ሸሚዝ ብቻ ነው የለበሰችው። እናቷን ወሰድኩባት፤ ቢያንስ አይብረዳት። ከኦማሃ ይዤው የመጣሁትን ሰማያዊ ኮቴን ከመስቀያው አውርጄ ታችኛው በር ላይ ሰቀልኩት።

ስመለስ ሎይድ ባልዲ ይዞ መንገድ ላይ አገኘኝ።

"በዚህ ብርድ ያለ ኮት?"

"በሩ ላይ ሰቀልኩት። ለሷ።"

ባልዲው ከእጁ ወደቀ።

"የራስሽን?" አለኝ። "ለብሰሽ የከረምሽውን? ሳይታጠብ?"

መልሴን ሳይጠብቅ በዚያ በተሰበረ ዳሌው ወደ በሩ ሮጠ። ተከተልኩት። ስንደርስ በሩ ላይ ምንም አልነበረም። ሌሊት በጣለው በረዶ ላይ ከኛ ከሁለታችን ሌላ የእግር ዱካ የለም።

ሎይድ ባርኔጣውን አወለቀ። "ምን አደረግሽ፣ ልጄ" አለኝ። ወደ በረቱ እያነከሰ ሄደ።

ቀኑን ሙሉ ግራንትን ፈለግኩት። ቨርና "ሜዳ ነው፣ መኖ እየበተነ ነው" ትለኛለች። ስልኩን አያነሳም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ... ላሞቹ ዝም አሉ።

በወጥ ቤቱ መስኮት ሳይ የግራንት ፒክአፕ ታችኛው በር ጋ ቆሟል። ሞተሩ አልጠፋም። ግራንት ወርዷል። ፊት ለፊቱ ጀርባዋን ለኔ የሰጠች ሴት ቆማለች፤ ሰማያዊ ኮት ለብሳለች።

እህቱ ናት፣ ያውቃታል፣ አልኩ። ፊቷን እያየ ነው እኮ!

ግራንት ጎንበስ አለ። አንገትጌዋን አሸተተ።

አንዴ... ደግሞ...

ከዚያ ትከሻው ሲላላ አየሁ፤ የጠፋበትን ያገኘ ሰው ይመስላል። ሳቀ። ድምፁ በመስታወቱ አልፎ ተሰማኝ።

"ትሪና! የት ጠፍተሽ ነው? ነይ ግቢ፣ መኪናው ሞቋል።"

መስኮቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

"ግራንት! ግራንት! እኔ ነኝ! ትሪና እኔ ነኝ!"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ እምልላችኋለሁ። ከዚያ እጁን አንስቶ አወዛወዘልኝ... ወንድም ለእህቱ እንደሚያወዛውዘው።

የመኪናውን በር ከፈተላት። ገባች። ወደ ትልቁ መንገድ ወጡ፤ መቶ ምናምን ጭንቅላት አብሯቸው ዞረ።

"ማናት ትሪና?" አለች ቨርና ከኋላዬ።

መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ስሜ ነው፤ የሁለት ፊደል፣ የሦስት ፊደል ነገር። ልጠራው አቃተኝ።

ወንበሬን ሳበችልኝ። ሾርባ ቀድታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ማንኪያውን እፍ እፍ አለችበት።

"አፍሽን ክፈቺ፣ ሮንዲ።"

ከፈትኩ።